ሲስተር ጽጌ ካፖርቷን ያወለቀችበት ቀን

ልጄ ዳዊት ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ሲገባ ዝናብ ደብድቦት ነበር። የሱፍ ካፖርቱን አውልቆ ከሰሉ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ዘረጋውና እጁን እያሻሸ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሞላው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብትኖር «ይኼን በግ ከቤት አውጡልኝ» ትል ነበር። እኔ ግን ሽታውን እወደዋለሁ። ሳብ ሳደርገው ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ አንድ የድሮ ክፍል ውስጥ ገባሁ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚንቋቋ ጣውላ፣ መስኮቱ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት የሚያይ፣ ሰው ሁሉ በካፖርትና በጋቢ ተጠቅልሎ ስብሰባ የሚቀመጥበት ክፍል።

ዳዊት የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ ነው። በእኛ ጊዜ ሠራተኛ አስተዳደር የሚባለውን ነው አሁን እንዲህ የሚሉት። ሠራተኛው ሀብት ተብሏል፤ ደመወዙን ሳየው ግን ሀብትነቱ አይታየኝም። ብቻ ልጁ ሻዩን ፉት አለና፣ «አባዬ፣ ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውኛል» አለኝ።

«የምን ኮሚቴ?»

«የትኞቹ የመንግሥት ሥራዎች ከሲቪል ሰርቪስ ደንብ ውጭ ይሁኑ የሚለውን አጥንተን ሐሳብ እንድናቀርብ ነው።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሻዩ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ። «ምን ያስቅሃል?» አለ ቅር ብሎት። እኔም እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ አልኩት። «መቼ?» አለ። አንተ ሳትወለድ፣ ሰው በስሙኒ ሻይም ዳቦም አግኝቶ መልስ በሚቀበልበት ዘመን፣ አልኩት። እሱ ደግሞ የእኔን ዘመን ሲሰማ እንደ ተረት ነው የሚያዳምጠው፤ ፈገግ አለና ስለ ራሱ ኮሚቴ ይነግረኝ ጀመር። ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ ወታደሩ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው በእነሱ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ በቀሩት ላይ ነው። «እኛ የጤና ሰዎችን ነው ያስቀደምነው። ቀንና ሌሊት የማይለይላቸው ሰዎች በፊርማ ሰዓት ለምን ይታሰራሉ? አዋላጆቹን አንደኛ ላይ አስፍረናቸዋል። ለእነሱ ካለን አክብሮት ነው።»

«አዋላጆቹን?» አልኩት። ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ።

ያኔ እኔ ከደነባ የመጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ፣ አንድ ቴትሮን ሱሪ፣ እናቴ ያስያዘችኝ አንድ ከረጢት በሶ ይዤ ነው ደብረ ብርሃን የገባሁት። ሱሪው ከታች ሰፊ ስለነበር ነፋስ ሲመታው እንደ ድንኳን ይነፋል፤ ብርዱ በዚያ ገብቶ በአንገቴ ይወጣል። ቢሆንም አላወልቀውም፤ ፋሽን ነዋ። የተከራየሁት ክፍል ከአንድ አረቄ ቤት ጀርባ ነበር። ባለቤቷ ሬዲዮኗን መስኮቱ ላይ ታስቀምጠውና ከሰዓት በኋላ ማሲንቆ ሲገባ መለኪያ ቀጅታ እሷው ራሷ ታለቅሳለች። ባሏን ነው የምታስበው ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ባሏን አይቼዋለሁ፣ እዚያው ጥግ ተቀምጦ ይጠጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት የብርድ ልብስ ፋብሪካው ፉጨት ሲሰማ ከተማው ይነቃል፤ ሠራተኞቹ አፋቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ሲያልፉ በጉሙ ውስጥ ጫማቸው ብቻ ይሰማል። እኛ የቢሮ ሰዎች ደግሞ ከአስፋልቱ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ቆመን ትኩስ ዳቦ በሻይ እንበላለን። ያን ዳቦ ዛሬ ስንት ብር ቢከፍሉ አያገኙትም። ዳቦው ነው ወይስ ያ ጥርስ ነው የጠፋው፣ እኔም አላውቅም።

አለቃችን አቶ መኩሪያ ነበሩ፤ እኛ ጋሽ መኩሪያ ነው የምንላቸው። እንዴት ያለ ሰው መሰሏችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክርናቸው ላይ የተጣፈ ግራጫ ኮት ለብሰው ከላዩ ላይ ጋቢ የሚደርቡ፣ በበጋም ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው። ከዘበኛው ቀድመው ይገባሉ። ከሞረትና ጅሩ፣ ከጣርማ በር፣ ከየትም አቤቱታ ይዞ የመጣ ገበሬ ደጅ ላይ ቆሞ ካዩ ራሳቸው ወጥተው «ግባ፣ እዚህ ብርድ ነው» ይሉታል። ከባድ ነገር ሲገጥማቸው መነጽራቸውን ያወልቁና በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉታል፤ መነጽሩ የበለጠ ይቆሽሻል እንጂ አይጠራም። እኛ ግን መነጽር ሲወለወል ካየን ዝም እንላለን። በሕይወቴ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ እንደሳቸው ያከበርኩት የለም። ዛሬም ስማቸው ሲነሣ ወገቤን ቀና አደርጋለሁ።

በዚያ ሰሞን የፊርማ ጣጣ መጣ። ማንኛውም ሠራተኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ ይፈርም፤ ያልፈረመ ይቀጣል ተባለ። ከተማው ውስጥ ለምንሠራው ችግር የለውም፤ ስንሮጥ ደርሰን እንፈርማለን። ችግሩ የአንኮበር ጤና ጣቢያ አዋላጅ የነበረችው ሲስተር ጽጌ ላይ ነው የወደቀው። ሲስተር ጽጌ አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቋ ከሰው ቀድሞ የሚሰማ ሴት ነበረች። ደጋውም ቆላውም የሚያውቃት «ሐኪሟ» ብሎ ነው። ምጥ የያዛት ሴት አለች ሲሏት በቅሎ ላይ ትወጣና ያን ገደል የሆነ ቁልቁለት ትወርዳለች። ታች ያሉት የሙስሊም እናቶች «አላህ ያቆይሽ» ብለው፣ ላይ ያሉት «ማርያም ታኑርሽ» ብለው ይመርቋታል፤ እሷም ሁለቱንም አሜን ብላ ትቀበላለች። እንግዲህ አንድ ቀን ቆላ ሴት ስታዋልድ አድራ፣ ጠዋት ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ሰዓት አለፋት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አዲስ ሰው ነበር፤ ደንብ ደንብ ነው ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። ግልባጩ እኛ ዘንድ መጣ።

ጋሽ መኩሪያ ያን ሲያነቡ እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ልጁ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ እናቱ ሆድ ውስጥ ይጠብቅ ነው የሚሉት?» አሉ። መነጽሩን ሲወለውሉት ሊሰብሩት ደረሱ።

እግዜር ሲያገናኝ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከበላይ ትእዛዝ ደረሰን፤ የትኞቹ ሥራዎች ከሠራተኞች ደንብ ውጭ ይሁኑ የሚለውን አጥንታችሁ ሐሳብ አቅርቡ የሚል። ወሬው ቢሮ ለቢሮ ሲዛመት ሠራተኛው ሁሉ ተነሣ። ከደንብ መውጣት ማለት ከፊርማ መገላገል መስሎት አንዱም የቀረ የለም። የላንድሮቨሩ ሾፌር መጣና «ጎማ ሲፈነዳ ሰዓት አይቶ ነው እንዴ?» አለ። ዘበኛችን ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ «ሌባ ሁለት ሰዓት ላይ ፈርሞ ነው እንዴ የሚገባው? እኔን አውጡኝ» አለ። ከጣርማ በር የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ በሰው ልኮ፣ እኛ ሥራ የምንገባው ጉሙ ሲለቀን ነው፣ ማስፈረም ካማራችሁ ጉሙን አስፈርሙት አለን። የበግ እርባታው እረኛ በግ እሑድን አታውቅም አለ። የሒሳብ ሹሙ አቶ በቀለ ሳይቀር፣ ሳምባ ምች እንዳይመታው ከሱፉ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቦ የሚቀመጠው ሰውዬ፣ ሒሳብ ሲዘጋ እኔም እንደ አዋላጅ ነኝ ብሎ አስቆን ነበር። ምን አለፋችሁ፣ ደንቡ ውስጥ የሚቀር ሰው ጠፋ።

ጋሽ መኩሪያ ግን ልባቸው ያለው አንድ ሥራ ላይ ነው። «የሲስተር ጽጌን አንደኛ ላይ ጻፍ» አሉኝ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ፤ ጻፍ ሲሉኝ እጽፋለሁ፣ ሐሳብ ስጥ የሚለኝ የለም፣ እኔም አልሰጥም። «ይቺ ሴት ከደንብ በላይ ናት። ማንም ፊርማ አይጠይቃትም። ደመወዟም ትንሽ ከፍ ይላል። ጠርተን ራሳችን እንንገራት፤ ደስ ይበላት።» ሁላችንም ደስ አለን። ለሰው መልካም ስታደርጉ የሚመጣው ሙቀት ያንን ብርዳም ክፍል ሞልቶት ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ግን ያን ጊዜ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ በኋላ ለባለቤቴ ነው የነገረቻት። ሲስተር ጽጌ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ ሄዶባታል፤ እንደዚያው ቆላ ሴት አዋልዳ ዳገቱን በበቅሎ ስትወጣ፣ መንገድ ላይ። ይኼኛውን ላታጣው ምላለች። ደንቡ ውስጥ ካለች የወሊድ ፈቃድ አላት፤ ሆዷ ሲገፋ ቤቷ ትቀመጣለች፣ ወልዳ ትታረሳለች፣ ተመልሳ ወንበሯን ታገኛለች። ከደንቡ ከወጣች ግን ኮንትራት ነው። ደመወዙ ከፍ ይላል፣ ፊርማ የለም፤ ፈቃድም የለም፣ ጡረታም የለም፣ ይግባኝም የለም። በቅሎዋ ላይ አልወጣም ያለች ቀን ሌላ ይቀጠራል። እኛ ሽልማት ብለን የምንጠቀልልላት ነገር ልጇን የሚያስከፍላት ነበር።

ይኼን ደግሞ አፏን ሞልታ ልትነግረን አትችልም። በእኛ አገር ሴት ፅንሷን አደባባይ አታወጣም፤ ዓይን ይፈራል፣ አፍ ይፈራል። ያውም አንዱን ያጣች ሴት። ለአማት እንኳ በዘወርዋራ ነው የሚነገረው፤ እንኳን ለአቶ በቀለ። ካፖርት ደግሞ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ሁሉን ይሸፍናል። ቆላ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ እናውቅባት ነበር፤ እዚህ ግን ሰው ዓመቱን ሙሉ ተጠቅልሎ ስለሚኖር ማን ወፈረ ማን ከሳ የሚታወቀው ለመስከረም ፀሐይ ነው።

ክረምት ነበር። ገብስ በጫነ መኪና ከአንኮበር መጣች፤ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ረፋዱ ላይ ደረሰች። ከልባሽ ተራ የተገዛ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ለብሳለች፤ ዝናቡ አበስብሶት ስትገባ ያ የበግ ጠጉር ሽታ አብሯት ገባ። ጋሽ መኩሪያ ተነሥተው እጇን ጨበጧት፣ ከሰሉ አጠገብ አስቀመጧት። አቶ በቀለ በሁለቱ ጋቢዎቹ ውስጥ ሆኖ ራሱን ነቀነቀላት። አንድ ሦስተኛ የኮሚቴ አባል ነበር፣ ከእርሻ ቢሮ የተወከለ፤ እሱም ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፏል።

«ሲስተር ጽጌ» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ድምፃቸው ደስታ አለበት፤ «ማስጠንቀቂያውን ሰርዘነዋል። ከእንግዲህ ደግሞ ማንም ፈርሚ አይልሽም። ሥራሽን ከደንቡ ውጭ እናደርገዋለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ መኩሪያ» አለች። ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ከዚያ፣ «እኔን ግን ደንቡ ውስጥ ይተዉኝ» አለች።

ጋሽ መኩሪያ ሳቁ። ይሉኝታ ነው ብለው ነው። «ይገባሻል፣ አትፈሪ።»

«ፈርቼ አይደለም። ማስጠንቀቂያውንም እቀበላለሁ። ብቻ ደንቡ ውስጥ ልሁን።»

«ለምን?»

«ደንቡ ውስጥ የምፈልገው ነገር አለ።»

ምንድን ነው ቢሏት ዝም አለች። እንግዲህ ወንዶቹ ግምት ጀመሩ። አቶ በቀለ፣ «ጡረታ ከሆነ ገና ልጅ ነሽ፣ በደመወዙ ጭማሪ ላም ትገዢያለሽ» አላት። አይደለም አለች። የእርሻው ሰውዬ፣ የዓመት ፈቃድ ከሆነ አንቺ መቼ ወስደሽ ታውቂያለሽ አላት። አይደለም አለች። ዝውውር ነው? እድገት ነው? ትምህርት መላክ ነው? የበቅሎ አበል ነው? ደንቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠሩላት። አንዷን ብቻ ዘለሏት፤ አውቀው አይደለም፣ ከሦስቱ የአንዳቸውም ጭንቅላት ውስጥ ስላልነበረች ነው። የእኔም ጭንቅላት ውስጥ አልነበረችም። እሷ አንዱን ከተናገሩ በኋላ ወደ ሌላው ዞር እያለች ፊታቸውን ታያለች፤ ይኼኛው ይላታል ብላ ትጠብቃለች። ማንም አላላትም።

«እንግዲያው ልጄ፣» አሉ ጋሽ መኩሪያ በመጨረሻ፣ በርኅራኄ ነው የሚያናግሯት፤ «ካለምክንያት ከደንቡ ላስቀርሽ አልችልም። ለአንቺው ብለን ነው። ጻፍ» አሉኝ ወደኔ ዞረው።

ብዕሬን አነሣሁ። ያኔ ሲስተር ጽጌ ከወንበሯ ተነሣች።

«ሞቀኝ» አለች።

ሐምሌ ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከአፋችን እንፋሎት እየወጣ። አቶ በቀለ ጋቢውን ሳብ አድርጎ አያት፤ አበደች እንዴ ያለ ይመስላል። እሷ የካፖርቷን ቁልፎች ከላይ ጀምራ ቀስ ብላ ፈታች፣ አወለቀችው፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠለጠለችው። ከሥሩ የለበሰችው ስስ የጥጥ ቀሚስ ነበር። እጆቿን ወደ ጎን አውርዳ ቀጥ ብላ ቆመች። የገፋ ሆዷ እፊታችን ነበር።

ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ዓይኗ ግን አልተሰበረም። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ አፍሬ ነው። ያቺ ሴት ከባሏና ከፈጣሪዋ በቀር ለማንም ያላሳየችውን ይዛ ከአራት ወንዶች ፊት ቆመች። ምነው ቀድመን በጠየቅናት፣ ምነው አንዳችን እንኳ ባሰብናት ብዬ ነው ያዘንኩት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን አወለቁ። አልወለወሉትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ተነሥተው መጡና ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። «ይበቃል ልጄ፣ ብርድ ይመታሻል» አሉ። ካፖርቷን ራሳቸው አንሥተው ከሰሉ አጠገብ ዘረጉት፣ እስኪደርቅ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና ድምፃቸውን ጠራርገው እንዲህ አሉ፦

«ጻፍ። ሠራተኛዋ በቂ ምክንያት አቅርበዋል።»

ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ይኼው ብቻ ነው። ሌላ አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ከዚያ ክፍልም አንድ ቃል አልወጣም። አቶ በቀለ እንኳ፣ ወሬ ካላወራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ አፉን ያዘ። ብቻ ከሁለቱ ጋቢዎቹ አንዱን አውልቆ ሰጣት፤ «ጭነት መኪና ላይ ነው የምትሄጂው» ብሎ። በማግስቱ ሲያስነጥስ ዋለ።

ጋሽ መኩሪያ ግን በዚያ አላቆሙም። በነጋታው ጠሩኝና፣ «ላንድሮቨሩን ያዝና ከደንብ አውጡን ያሉትን ሁሉ ዞረህ ጠይቅ» አሉኝ። «የሚያገኙትን አይደለም፣ እሱን ያውቁታል። የሚያጡትን ንገራቸው።» ዞርኩ። ዘበኛው ጡረታው እንደሚቀር ሲሰማ «እንግዲያው ልፈርም፣ ሌባውም ይፈርም» አለ። የበጉ እረኛ ብታመምስ አለኝ፤ ኮንትራት ነው ስለው በጎቹ እንኳ ሐኪም አላቸው ብሎ ሳቀብኝ። ጣርማ በር ስደርስ ጉሙ መኪናውን ውጦት ነበር፤ የመንገድ ሠራተኞቹ ዋሻው አፍ ላይ እሳት ከበው ተቀምጠዋል። ድንጋይ ቢወርድባችሁ መታከሚያ ትከፍላላችሁ ስላቸው ተያዩና አለቃቸው፣ «በል ወረቀቱን አምጣ፣ እኛም እንፈርማለን ጉሙም ይፈርማል» አለ። እንደዚያ ስስቅ እንደዋልኩ ትዝ ይለኛል። ስመለስ ከደንብ ይውጣ የሚባል ሥራ አልቀረም።

ለበላይ የሄደው ሐሳብ አጭር ነበር፤ ጋሽ መኩሪያ ሲያጽፉኝ በቃሌ ቀርቶልኛል። ሰዓቱ የማይገጥማቸው ሥራዎች አሉ፤ ፊርማውን አንሡላቸው፣ ሰዎቹን ግን ከደንቡ አታውጡ። ከዚያ ቆም አሉና፣ «አንድ ሥራ ጨምር» አሉኝ። «የእኔን።» ብዕሬ ቆመ። «ከደንብ ውጭ መሆን የሚገባው ይኼ ወንበር ነው። እኔ ሳጠፋ በደንብ ተሸሽጌ መቀመጥ የለብኝም። ይግባኝ ሳልል ያንሡኝ። ከሥሬ ያሉት ግን ይግባኝ ይኑራቸው፣ እኔም ልሳሳትባቸው እችላለሁና።» ስለ ሲስተር ጽጌ ነው የሚያወሩት፤ ገብቶኛል።

ሴት ልጅ ወለደች። በፈቃዷ ጊዜ እነዋሪ የነበረች ሌላ አዋላጅ ተተክታላት ስለነበር ሥራውም አልተጓደለም። አራስ ጥየቃ ስንሄድ ጋሽ መኩሪያ ማር ይዘው፣ አቶ በቀለ ሙክት እየጎተተ፣ እኔ ገና ያገባኋትን ባለቤቴን ይዤ ነበር። ያን ጊዜ ደህና ሙክት በሁለት ቀይ ብር፣ በሃያ ብር፣ ይገኛል፤ ዛሬ በሁለት ቀይ ብር ገመዱ ይገኝ እንደሆነ እንጃ። እንኳን ማርያም ማረችሽ አልን፤ ገንፎውን በቅቤው እያጠቀስን በላን። ከቆላ የመጡ ሴቶች ደጁን ሞልተውት ነበር፤ ባዋለደቻቸው ልጆች እጅ ስጦታ ያስገቡላታል። የልጅቷ ስም እመቤት ነው። እኛ ቢሮ ግን ስሟ ሌላ ነበር። አቶ በቀለ አንገቷን ደገፍ አድርጎ አቀፋትና፣ «ይቺ ናት እንግዲህ በቂ ምክንያት» አላት። እስክታድግ ድረስ እንደዚያ ነው የምንጠራት።

የጋሽ መኩሪያን ነገር አልጨረስኩም። ዘመኑ ተለወጠ፤ እንዴትና መቼ የሚለውን ሌሎች ይጻፉት። አንድ ጠዋት ሌላ ሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ይግባኝ ይበሉ ብለን ተንጫጫን። «የምን ይግባኝ? ያንተው የእጅ ጽሕፈት ነው እኮ» አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ጃንጥላቸውን ይዘው በአስፋልቱ ዳር ወደ መናኸሪያው ሄዱ፤ ፀሐይ ነበር። አገራቸው ገብተው ሲያርሱ ኖረው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ አልቅሼ አልወጣልኝም።

ይኼን ሁሉ ለዳዊት ስነግረው ካፖርቱ ደርቆ ነበር። አንሥቶ አጠፈውና፣ «ሴትዮዋ አሁን የት ናቸው?» አለኝ። አንኮበር፣ ጡረታቸውን እየበሉ፣ አልኩት።

እሑድ በእሱ መኪና ሄድን። ሲስተር ጽጌ ደጇ ላይ፣ ፀሐይ ሥር፣ ሁለት ሹራብ ደርባ ተቀምጣለች። አጥራለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው፤ ከመኪናው ሳንወርድ ሰማነው። «ተሾመ፣ አንተ አልሞትክም እንዴ?» አለችኝ። እመቤት ወንበር ይዛልን ወጣች፤ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት የሆነች ግርማ ያላት ሴት። ለዳዊት፣ ይቺ ናት በቂ ምክንያት ስለው ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጣት። እርጎ ቀረበልን። ስለ ጋሽ መኩሪያ አነሣን፤ ሲስተር ጽጌ ዓይኗን ጠረግ አደረገችና፣ «እኛን ወደ ውስጥ አስገብተው እሳቸው ወጡ» አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች።

«አንተስ ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

ዳዊት ስለ ኮሚቴው ነገራት። ስለ አዋላጆቹም አልደበቀም። ጆሮዋን አዘንብላ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ኮሚቴው ውስጥ ሴት አለች?» አለችው።

ዳዊት አባላቱን በጣቱ ቆጠረ። «አንድ አለች። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው።»

«ሐሳብ ትሰጣለች?»

«አይ… እሷ የምንለውን ነው የምትጽፈው።»

ሲስተር ጽጌ እጁን ያዘችው። «ጠይቃት» አለችው። «አዋላጆቹንም ጠርታችሁ ጠይቁ። ካፖርታቸውን እስኪያወልቁ አትጠብቁ።»

ስንመለስ ጉም ወርዶ ስለነበር ዳዊት ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ቤት ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቆየ።

«ነገ ቀደም ብዬ ቢሮ እገባለሁ አባዬ» አለኝ።